የግዮንግቦክ ቤተ መንግሥት፦ የትኛው ዘመኑ ይታደስ?

አንድ አሮጌ ሕንጻ ታደሰ ሲባል የፈረሰው ተጠግኖ፣ የጎደለው ተሟልቶ ወደ ጥንተ መልኩ ተመለሰ ማለት እንደ ሆነ አድርጎ መረዳት የተለመደ ነው። ዳሩ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ሕንጻ ጥንተ መልክ የሚባል አንድ መልክ ብቻ የለውም። አንዱ ንጉሥ ያነጸውን ሌላው አስፋፍቶታል፤ እሳት በልቶታል፤ ባዕድ አፍርሶታል፤ የልጅ ልጅ መልሶ ሠርቶታል። እንግዲህ አዳሹ ወደደም ጠላም ከእነዚህ ሁሉ ዘመናት መካከል አንዱን መርጦ «የማድሰው ይህን ነው» ማለት ይኖርበታል። የመረጠውን ሲያቆምም ያልመረጠውን ያፈርሳል፤ ወይም ይሸፍናል።

ይህን ጉዳይ በሴኡል ከተማ መካከል እንዳለው የግዮንግቦክ ቤተ መንግሥት አጉልቶ የሚያሳይ ሥፍራ እኔ አላጋጠመኝም። በ2012 እና በ2023 ሁለት ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ። (በዚህ መጣጥፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በመጀመሪያው ጊዜ በዋናው በር ላይ ተሰቅሎ ያየሁት የስም ሰሌዳ ነጭ ሲሆን ፊደሎቹ ጥቁር ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ ሰሌዳው ጥቁር፣ ፊደሎቹም ወርቅማ ሆነው አገኘኋቸው። በሩ ያው ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስምም ያው ነው። ሁለቱም ጊዜ አስጎብኝዎቹ «የጥንቱ መልክ ይህ ነው» ብለው ነገሩኝ። ለመሆኑ የጥንት መልክ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዴት ሊለወጥ ይችላል? ይህን ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ግድ ይላል።

ዪ ሶንግጌ የተባለው የጦር አዛዥ በ1392 የጆሶንን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። በ1394 መናገሻውን ወደ ሀንያንግ፣ ማለትም ወደ ዛሬዪቱ ሴኡል አዛወረ። በ1395 ከቡጋክ ተራራ ግርጌ ይህን ቤተ መንግሥት አቆመ። ስም ያወጣለት ጆንግ ዶጆን የተባለው ሊቅና የመንግሥት ሰው ነው። ግዮንግቦክ በግርድፉ ሲተረጎም «ታላቅ በረከት» ማለት ሲሆን ቃሉ የተወሰደው ከጥንታዊው የቻይና የቅኔ መጽሐፍ ነው። የዙፋኑን አዳራሽ ደግሞ ግንጆንግጆን አለው፤ በትጋት የሚገዛበት አዳራሽ ማለቱ ነው። ጆንግ ዶጆን ስለ ስያሜው በጻፈው ማብራሪያ ንጉሡን ሲመክር፣ በሰፊ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በብርድ የሚቆራመደውን ድሃ ምሁር እንዴት እንደሚያስጠልል ማሰብ እንዳለበት፣ ነፋሻ አዳራሽ ያለውም ጥላውን ለሌላው ስለ ማካፈል ማሰብ እንደሚገባው ያስገነዝበዋል። ምክሩ ያማረ ነው። መካሪው ግን ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1398፣ በመሳፍንቱ የሥልጣን ሽኩቻ ከንጉሡ ልጆች በአንዱ እጅ ጠፋ። ገዳዩም ኋላ ነግሦ በ1412 ግዮንግሄሩ የተባለውን የግብዣ አዳራሽ በኩሬ መካከል አስፋፍቶ አሠራ። ዛሬ በ48 የድንጋይ አዕማድ ላይ ቆሞ የሚታየው ግን ያ አይደለም፤ በ1867 እንደገና የተሠራው ነው።

የራሳችን ፊደል ላለን ለእኛ ከዚህ ግቢ ታሪክ ሁሉ ልዩ ትርጉም ያለው ሌላ ነው። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 የኮሪያን ፊደል ሀንጉልን የፈጠረው፣ በ1446ም ለሕዝቡ ያወጀው በዚህ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት ኮሪያውያን የሚጽፉት በቻይና ፊደል ስለ ነበረ ንባብ የመኳንንት ሀብት ሆኖ ነበር። መኳንንቱ አዲሱን ፊደል ለብዙ ዘመን ንቀውት ኖረዋል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ስም ሰሌዳው ስንመለስ ያስፈልገናል።

በ1592 የጃፓን ጦር ኮሪያን ወረረ። ንጉሥ ሶንጆ መናገሻውን ጥሎ ወደ ሰሜን ሸሸ። ቤተ መንግሥቱም በዚያው ሰሞን ተቃጠለ። ዛሬ ለጎብኝ የሚሰጠው ማብራሪያ «በጃፓን ወረራ ጊዜ ተቃጠለ» የሚል ነው። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አቃጣዩን አይናገርም። ኋላ ተሻሽሎ የተጻፈው የዚያ ንጉሥ ዜና መዋዕል እሳቱን የለኮሱት የከተማዪቱ ሰዎች መሆናቸውንና፣ አስቀድሞ የነደደውም የባሮች መዝገብ የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት መሆኑን ይነግረናል። ከወራሪው ጦር ጋር የገባ አንድ ጃፓናዊ መነኩሴ የተወው ማስታወሻ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ቆሞ እንዳገኘው ይናገራል። የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔም ዳኛ ሆኜ አልገባም። ሆኖም መዝገቡ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ስሙ እንደ ከብት ተቆጥሮ በመዝገብ የሰፈረ ሰው፣ ባለ ዙፋኑ ራሱ ጥሎት የሸሸውን ግቢ የሚጠብቅበት ምን ምክንያት ነበረው?

ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ በአቅራቢያው ባለው በቻንግዶክ ቤተ መንግሥት ኖሩ፤ ግዮንግቦክ 270 ዓመት ለሚያህል ጊዜ የፍርስራሽ ሜዳ ሆኖ ቀረ። መልሶ ያስነሣው ህንግሶን ዴዎንጉን ነው። ልጁ ጎጆንግ ገና በለጋ ዕድሜው በመንገሡ አባትየው በስሙ ያስተዳድር ነበርና፣ የተዋረደውን የዘውድ ክብር ከፍ ለማድረግ ሲል በ1865 ሥራውን አስጀመረ። በ1868 ንጉሡ ገባበት። በኋላ ዘመን ተጨማሪዎቹ ሲታከሉበት ከ400,000 ካሬ ሜትር በሚበልጥ ግቢ ውስጥ 500 ያህል ሕንጻዎች ቆሙ። ዛሬ የሚታደሰውም ይህ የጎጆንግ ዘመን መልክ ነው።

ታዲያ ወጪው ከማን ኪስ ወጣ? መንግሥት «ዎንናፕጆን» የተባለ መዋጮ ጣለ። ቃሉ ሲተረጎም «በፈቃድ የሚሰጥ ገንዘብ» ማለት ነው። ነገር ግን «ዎን» የሚለው ድምፅ በአንደኛው የቻይና ፊደል ሲጻፍ ፈቃድ፣ በሌላው ሲጻፍ ቂም ማለት ስለሚሆን፣ ሕዝቡ ፊደሏን በልቡ ለውጦ «በቂም የሚሰጥ ገንዘብ» እያለ ይጠራው ነበር። ሰምና ወርቅ ያደገበት አንባቢ ይህን ለመረዳት ምንም ማብራሪያ አያሻውም። በ1866 በሥራው ሥፍራ እሳት ተነሥቶ የተዘጋጀውን ግንድ ሲያወድመው እንደራሴው አልተመለሰም፤ ከመኳንንቱ የመቃብር ደን ሳይቀር ዛፍ አስቆረጠ። ገንዘብ ሲያጥርም በስሙ ከተራው መሐለቅ መቶ እጥፍ፣ በእውነተኛ ዋጋው ግን ከስድስት እጥፍ የማይበልጥ ሳንቲም አስመታ። የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። በግዳጅ ተጠርቶ ድንጋይ ሲያመላልስ የዋለው ገበሬ ማታ ለልጆቹ ሩዝ የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ ላይ ረከሰ። በግንጆንግጆን አደባባይ ላይ ቆሞ የባለሥልጣናቱን ማዕረግ የሚያመለክቱትን የድንጋይ ምልክቶች፣ የዳስ ገመድ የሚታሰርባቸውን የብረት ቀለበቶች፣ ሆን ተብሎ ሻካራ ሆኖ የተነጠፈውን ግራናይት የሚያደንቅ ሰው፣ ያን ሳንቲም አብሮ ማየት ይኖርበታል። በግቢው ውስጥ ስለዚህ የተጻፈ ማብራሪያ ፈልጌ ያገኘሁት እምብዛም ነው።

ይህ ሁሉ የተከፈለበት ቤት የቆመበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። በ1887 በሰሜኑ ማዕዘን ባለው በጎንቾንግጉንግ የኤዲሰን የኤሌክትሪክ መብራት በራ፤ በኮሪያ ምድር የመጀመሪያው ነበር። በዚያው መኖሪያ ንግሥቲቱ፣ ከሞተች በኋላ ምዮንግሶንግ የተባለችው፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1895 በጃፓን ሰዎች እጅ ተገደለች። ንጉሡ በፌብሩዋሪ 1896 ወደ ሩሲያ ሌጋሲዮን ሸሽቶ ገባ፤ ወደ ግዮንግቦክም ለመኖር አልተመለሰም። ይህን ያህል መዋጮና ግዳጅ የፈሰሰበት ቤት የንጉሥ መኖሪያ ሆኖ ያገለገለው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ነው።

ጃፓን ኮሪያን በ1910 በቅኝ ግዛትነት ከያዘች በኋላ የሆነው በአንድ ጊዜ የተፈጸመ የማፍረስ ሥራ አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ በሥርዓትና በደረሰኝ የተካሄደ ነው። በ1915 በግቢው ውስጥ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ተብሎ ብዙ ሕንጻዎች ተነሡ፤ እንጨታቸው ለገዢ ተሸጠ። በ1917 የቻንግዶክ ቤተ መንግሥት ሲቃጠል ለዚያ መሥሪያ ተብሎ የግዮንግቦክ የንጉሡና የንግሥቲቱ መኝታ ቤቶች ፈርሰው ተወሰዱ። የአልጋ ወራሹን ቤት ጃሶንዳንግን ኦኩራ ኪሃቺሮ የተባለ ጃፓናዊ ከበርቴ ነቅሎ ወደ ቶኪዮ በማስጫን በግል ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ተከለው። በ1916 ደግሞ ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ለፊት የጠቅላይ ገዥው መሥሪያ ቤት መሠረት ተጣለ። አሥር ዓመት ፈጅቶ በ1926 ያለቀው ይህ የግራናይት ሕንጻ ከፍ ያለ ጉልላት ነበረው። ከከተማው አደባባይ ሆኖ ወደ ተራራው ለሚመለከት ሰው ዙፋኑም አዳራሹም እንዳይታዩ ጋረዳቸው። ቦታው ያለ አሳብ አልተመረጠም። በከተማዪቱ ውስጥ ሌላ ሜዳ ሞልቶ ነበርና።

ዋናው በር ጓንግኋሙንም ሊፈርስ ተወስኖ ነበር። በ1922 ያናጊ ሙኔዮሺ የተባለው ጃፓናዊ የኪነ ጥበብ ሐያሲ ይህን የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። የገዛ መንግሥቱን እየሞገተ ነበርና ጽሑፉ ከሳንሱር አላመለጠም። በሩ ከመፍረስ ድኖ ወደ ግቢው ምሥራቅ ጎን እንዲዛወር የእሱ ድምፅ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይታመናል። የገዢው ወገን ልጅ ሆኖ የተገዢውን በር ስላዳነ ሰው ሳስብ፣ የኪነ ጥበብ ሰው ብዕር ስንት ያወጣል ለሚለው የዘወትር ክርክራችን አንድ መልስ ያለ ይመስለኛል። ዕድሜው ግን አልረዘመም። በኮሪያ ጦርነት በሩ ተመትቶ የእንጨት ፎቁ ነደደ፤ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነበር።

ይህን ድንጋይ ከእኔ በፊት ያየ የቅርብ ዘመድ አለኝ። አጎቴ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ወደ ኮሪያ በዘመቱበት ጊዜ ከቃኘው ሻለቃ ጋር የሄዱ ሰው ናቸው። ከ120 በላይ የሚሆኑት ጓዶቻቸው በዚያ አልቀዋል። ስለ ውጊያው ብዙም አይናገሩም ነበር። ስለ ሴኡል ሲጠየቁ ግን ጣራ የሌላት፣ የጭስ ማውጫ ብቻ የቆመባት ከተማ እንደ ነበረች፣ በመካከሏም ሦስት ቅስት ያለው ማንም የማይገባበት የድንጋይ በር ማየታቸውን ይነግሩን ነበር። በ2012 ከጉዞዬ ስመለስ ያነሣሁትን ፎቶግራፍ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ እንጨት ነው?» አሉኝ፣ በጣራው ሥር ወዳለው የተቀለመ ወጋግራ እየጠቆሙ።

«አዎን ጋሼ፤ ጥድ ነው» አልኳቸው።

«እንጨቱን ከየት አገኙት ልጄ? እኛ ስንደርስ ተራራው ሁሉ ራቁቱን ነበር።»

ከዚያ በፊት ካነበብኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ የዚህ ጥያቄ ፍሬ ነገር ይበልጥብኛል። ለ2010ሩ በር የተቆረጠው ጥድ የመጣው ከጋንግዎን ክፍለ ሀገር ነው፤ ቃኘዎች የተዋጉባቸው የቹንቾንና የህዋቾን ኮረብቶች የሚገኙትም በዚያው ክፍለ ሀገር ነው። በጦርነትና በማገዶ የተራቆተው የኮሪያ ተራራ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተካሄደ ሰፊ የችግኝ ተከላ እንደገና ለበሰ። እርግጥ ለበሩ ምሰሶ የሚሆነው ወፍራም ጥድ ከዚያ በፊት የበቀለ፣ ከእሳትና ከመጥረቢያ የተረፈ አሮጌ ዛፍ ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ።

ወደ በሩ እንመለስ። በ1968 የኮሪያ መንግሥት ጓንግኋሙንን በግቢው ፊት መልሶ አቆመ። ያው ዓመት በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት የተመረቀበት ነው። የታደሰው በር ግን ከላይ እስከ ታች አርማታ ነበር፤ ወጋግራው በእንጨት ቅርጽ ተሞርዶ በቀለም የተሸፈነ ሲሚንቶ ነው። ዘመኑ በሲሚንቶና በብረት የሚኮራበት፣ ሥልጣኔም በአርማታ የሚለካበት ዘመን ነበር። ቦታውም ቢሆን ከጥንቱ ከአሥር ሜትር በላይ ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለ፣ አቅጣጫውም የተጣመመ ነበር፤ ምክንያቱም የተሰለፈው በጀርባው ከቆመው ከቀድሞው የጠቅላይ ገዥ መሥሪያ ቤት ጋር እንጂ ከዙፋኑ አዳራሽ ጋር አልነበረም። ኮሪያዊ በር ቅኝ ገዢው ባሰመረው መሥመር ላይ ቆመ ማለት ነው። በላዩም ፕሬዚዳንት ፓርክ ቾንግ ሂ በገዛ እጃቸው በሀንጉል የጻፉት የስም ሰሌዳ ተሰቀለ።

እንግዲህ በ1990 የተጀመረው ታላቁ የእድሳት ዕቅድ ከፊቱ የጠበቀው ይህ ነው። ከጎጆንግ ዘመን ሕንጻዎች የቀረው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም፤ የተጣመመ የአርማታ በር አለ፤ በመካከልም ያ የግራናይት ሕንጻ ተጋርጧል። ክርክሩ የጋለው በሕንጻው ላይ ነበር። ይፍረስ የሚሉት ወገኖች ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። ይቆይ ያሉትም ግን የቅኝ ገዢ ናፋቂዎች አልነበሩም። የኮሪያ ሪፑብሊክ በ1948 የታወጀው በዚያ ሕንጻ ፊት ነው፤ ሴኡል በ1950 ስትመለስ ሥርዓቱ የተፈጸመው በውስጡ ነው፤ ከ1986 ጀምሮም የአገሪቱን ብሔራዊ ሙዚየም አቅፎ ይኖር ነበር። መከራም ምስክር ይሻል፤ ምስክሩን ማጥፋት ለበዳዩ ውለታ መዋል ነው የሚሉ ነበሩ። መንግሥት ግን ወሰነ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ኦገስት 15 ቀን 1995፣ ነጻነት በተገኘ በሃምሳኛው ዓመት የጉልላቱ ጫፍ በክሬን ተነቅሎ ወረደ። በ1996 ሕንጻው ተጠናቅቆ ፈረሰ። ሙዚየሙ ቋሚ አዲስ ቤት ያገኘው በ2005 ነው።

በዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። አንድ ሕንጻ የተሠራበት ዓላማ ከአሠራሩ ተለይቶ የሚታይ ሲሆን፣ ለምሳሌ የቅኝ ገዢ ፖስታ ቤት ወይም ባቡር ጣቢያ ሲሆን፣ ሕዝቡ ወርሶ ለራሱ ቢያውለው መልካም ነው። የዚህ ሕንጻ ዓላማ ግን መጋረድ ነበር፤ ቆሞ እስካለ ድረስ ውስጡ ሙዚየም ቢሆንም ፓርላማ ቢሆንም መጋረዱን አያቆምም። ስለዚህ መፍረሱን እደግፋለሁ። ከመፍረሱ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። የጉልላቱን ጫፍና የተመረጡ ድንጋዮችን ቾናን በምትባል ከተማ ወደሚገኘው የነጻነት ሙዚየም ወስደው፣ በስተ ምዕራብ በኩል፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት አቅጣጫ አምስት ሜትር ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አኖሩት። ጎብኝው ያን ከፍ ብሎ ሲያስፈራራ የኖረ ጉልላት ቁልቁል ይመለከተዋል። ምስክሩ አልጠፋም፤ የቆመበት ከፍታ ብቻ ተቀየረ። በእኔ ግምት ይህ የሥነ ጥበብ ሰው አሳብ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በተራ በተራ ቀጠለ። የንጉሡና የንግሥቲቱ መኝታ ቤቶች በ1995፣ ሁለተኛው በር ህንግንዬሙን በ2001፣ ንግሥቲቱ የተገደለችበት ጎንቾንግጉንግ በ2007 ተመልሰው ቆሙ። የአርማታው በር ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ፈርሶ፣ መሠረቱ ተቆፍሮ ጥንታዊው ቦታ ተገኘና፣ በኦገስት 15 ቀን 2010 በእንጨትና በድንጋይ ተሠርቶ ተመረቀ። ከአርማታው ቁርጥራጮች ጥቂቶቹ በሴኡል የታሪክ ሙዚየም ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ እነሱም ታሪክ ሆኑ። የጎጆንግ ዘመን የተመረጠበት ምክንያት ሲጠየቅ አዳሾቹ የሚሰጡት መልስ ቀላል ነው፤ የዚያ ዘመን ፎቶግራፎችና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተነሣ የግቢው ፕላን አሉ። የ1395ቱን ቤተ መንግሥት ላድስ የሚል ሰው ግን በአብዛኛው በግምት መሥራት ይሆንበታል። ስለዚህ ምርጫው የክብር ሳይሆን የማስረጃ ምርጫ ነው። ይህን ቁጥብነት አደንቃለሁ። እስከ 2010 ድረስ ከ500ው ሕንጻዎች አንድ አራተኛ ያህሉ ተሟልቶ ነበር፤ እስከ 2045 የሚዘልቀው ሁለተኛው ዕቅድ የሚያልመውም አርባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁሉን እንሠራለን አላሉም።

ችኮላ ግን አልጠፋም። ለ2010ሩ የነጻነት ቀን እንዲደርስ ተብሎ የምረቃው ጊዜ ወደ ፊት ተስቦ ነበር፤ አዲሱ የስም ሰሌዳም ከተሰቀለ ሦስት ወር ሳይሞላው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። እንጨት የበዓል መርሐ ግብር አያውቅም፤ የሚደርቀው በራሱ ጊዜ ነው። ከዚህ የባሰው በከተማዪቱ ደቡብ በር በሱንግንዬሙን ላይ የደረሰው ነው። ያ በር በፌብሩዋሪ 2008 አንድ ሰው በለኮሰው እሳት ነድዶ፣ በባህላዊ ዘዴ ተሠራ ተብሎ በሜይ 2013 ሲመረቅ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቀለሙ ይረግፍ ጀመር። ሲመረመር በባህላዊው ሙጫ ፈንታ ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ ተቀላቅሎበት ተገኘ። ነገሩ የአንድ ሰው እምነት ማጉደል ብቻ አይመስለኝም። የጥንቱ ቀለምና ሙጫ አዘገጃጀት በአርማታው ዘመን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን አቋርጦ ነበር። እንጨት ከተራራ ይመጣል፤ የተቋረጠ የእጅ ዕውቀት ግን በገንዘብና በአዋጅ አይጠራም።

የስም ሰሌዳው ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ይገባል። በ2010 በቻይና ፊደል የተጻፈው ሰሌዳ የተወሰደው በ1860ዎቹ ሥራውን የመራው የጦር ሹም ኢም ቴዮንግ ከጻፈው ሲሆን፣ ቅርጹ የተገኘው ከአሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ደብዛዛ ስለ ነበረ ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ተብሎ ተወሰነ። ኋላ በአሜሪካ የስሚዝሶንያን ስብስብ ውስጥ የተገኘ ሌላ ፎቶግራፍ መደቡ ከፊደሉ የጠቆረ መሆኑን አሳየ። በመጨረሻም በጃፓን በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው የ1860ዎቹ የግንባታ ማስታወሻ ሲነበብ፣ መደቡ ጥቁር ፊደሉም ወርቅማ መሆኑን በግልጽ መዝግቦ ተገኘ። በኦክቶበር 2023 ሰሌዳው ተለወጠ። በዚያው ዕለት ከበሩ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የድንጋይ መድረክም ተመረቀ፤ ከዚያ በፊት ሲቆፈር ቅኝ ገዢዎቹ በላዩ ያሳለፉት የትራም ሐዲድ ከአስፋልቱ ሥር ወጥቶ ነበር። መድረኩ የሚጀምርባቸው ሁለት የድንጋይ አውሬዎችም ከአንድ የግል ሙዚየም አትክልት ሥፍራ ተገኝተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሆኖም ክርክሩ አልተዘጋም። ሀንጉል በተፈጠረበት ግቢ በር ላይ የባዕድ ፊደል ለምን ይሰቀላል ብለው የሚጠይቁ ኮሪያውያን አሉ። አዳሾቹ የ1860ዎቹ በር በቻይና ፊደል ነበር ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ጠያቂዎቹም በሩ የሚቆመው ለዛሬው ሕዝብ ነው፣ የዛሬው ሕዝብም የሚያነበው ሀንጉልን ነው ይላሉ፤ እነሱንም ሐሰተኛ የሚላቸው የለም። በኖቬምበር 2023 በመድረኩ ላይ ቆሜ የተከራዩትን ባህላዊ ልብስ የለበሱ ወጣቶችን ስመለከት ይህ ትዝ አለኝ። (ሀንቦክ የለበሰ ሰው በነጻ ይገባል፤ ለባህል ልብስ ማበረታቻ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።) ከእነሱ መካከል ሁለቱን ሰሌዳው ምን እንደሚል ጠየቅኋቸው። የበሩን ስም ያውቃሉ፤ ፊደሎቹን ግን አንዷ ብቻ፣ ያውም ሁለተኛው ላይ ተደናቅፋ አነበበችልኝ።

ከግቢው ሳልወጣ ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ንግሥቲቱ መኖሪያ አካባቢ ሄድሁ። ብዙ ጎብኝ እዚያ አይደርስም። ወደ ቶኪዮ የተወሰደው የአልጋ ወራሹ ቤት ጃሶንዳንግ በ1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሣው እሳት ነድዶ፣ የቀረው የመሠረት ድንጋይ በአንድ ሆቴል አትክልት ውስጥ ለአሥርታት ተረስቶ ነበር። አንድ ኮሪያዊ ምሁር አግኝቶት በ1995 ወደ አገሩ ተመለሰ። በጥንቱ ቦታ በ1999 አዲስ ጃሶንዳንግ ሲሠራ ግን ድንጋዮቹ እሳት የሰነጠቃቸው በመሆናቸው ሸክም የማይችሉ ሆነው ተገኙና አዲሱ ቤት በአዲስ ድንጋይ ላይ ቆመ። የተመለሱት በዚህ በሰሜኑ ጥግ፣ በዛፎች ጥላ፣ እንደ ቀድሞው መሠረት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ ስመለከታቸው ጠርዛቸው ተሸራርፏል፤ በላያቸውም የወደቀ የጥድ ቅጠል ነበረ፤ አንድ የግቢው ሠራተኛ በመጥረጊያ ቀስ እያለ ያነሣው ነበር።